ተረካቢ ያጣ ሜዳሊያ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሲኞር ኦታቪዮ መጀመሪያ ያዘዙኝ እጄን እንድታጠብ ነበር። ታጥቤ ስመለስ የጥጥ ጓንት ሰጡኝ። ቀይ ከፋይ በተነጠፈበት ትሪ ላይ አንድ የብር ሜዳሊያ አስቀምጠው፣ "ጠርዙን ያዝና ጀርባውን አንብብልኝ" አሉኝ።

"'ለታማኝ አገልግሎት' ይላል" አልኳቸው፣ ጀርመንኛውን ወደ ጣሊያንኛ መልሼ።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም አይልም፣ ሲኞሬ።"

"ያልተጻፈውን የሚጨምር አስተርጓሚ ሰልችቶኛል። አሎራ፣ እንግዲያው ነገም ና" አሉኝ። ተቀጠርኩ ማለት ነው።

ሮም የመጣሁት ምህንድስና ልማር ነበር። ትምህርቱን ሳልጨርስ አገር ቤት ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ የሚላክልኝ የትምህርት ገንዘብ ቆመ፤ ፓስፖርቴም ጊዜው አለፈበት። በዚያን ዘመን ፓስፖርት አሳድሱልኝ ብሎ መሄድ ራሱን የቻለ ፍርሃት ነበር። ጀርመንኛ የተማርኩት አዲስ አበባ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እናቴ የዚያ ቤት ልብስ አጣቢ ስለነበረች ያለ ክፍያ አስገቡኝ። የዕለት እንጀራዬ ከእናቴ ሳሙና እንደ ወጣ ረስቼው አላውቅም።

ሱቁ ከናቮና አደባባይ ጀርባ፣ ፀሐይ እንደ ነገሩ ብቅ ብላ በምታልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። አሮጌ ገንዘብ፣ ማኅተም፣ ኒሻንና ሜዳሊያ እንሸጣለን። ሲኞር ኦታቪዮ ባለቤትም፣ ገዢም፣ ዋጋ ቆራጭም ናቸው። እኔ መርማሪ ነበርኩ፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ እውነተኛ ይሁን ወይም አስመስለው የሠሩት የማጣራው እኔ ነኝ። መሣሪያዬ ማጉያ መነጽር፣ የወርቅ ሚዛን፣ ውፍረት መለኪያና አንድ መደርደሪያ ሙሉ የጀርመንኛ መጽሐፍ ነው።

ሜዳሊያ መወልወል በሱቃችን ክልክል ነው። ብር ሲያረጅ የሚያወጣው ጥቁር ቆዳ ዕድሜው ስለሆነ፣ የወለወለው ሰው ዕድሜውን ፍቆ ጣለው ማለት ነው። ይህን የማያውቁ ወራሾች የአያታቸውን ሜዳሊያ በጥርስ ሳሙና አንጸባርቀው ሲያመጡ ሲኞር ኦታቪዮ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ራሳቸውን ይይዙ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የለፋሁባት አንዲት ትንሽ የጀርመን ልዑላዊ ግዛት ናት። ስሟን ብጽፈውም የሚያውቃት አንባቢ አላገኝም፤ ስለዚህ በሱቁ እንደምንጠራት "ላ ፒኮላ"፣ ትንሿ፣ ልበላት። አንድ ልዑል፣ አንድ ቤተ መንግሥትና ብዙ ደን ነበራት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልዑሉ ሲወርዱ እሷም እንደ ግዛት ቀረች።

ከሜዳሊያዎቿ የሚያስቸግረው የታማኝ አገልግሎቱ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ዓይነት። የኋለኛው ዓይነት፣ ማለትም ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያነበብኩት፣ ማንጠልጠያ ጆሮው ከአካሉ ጋር አብሮ የተመታ ነው። የመጀመሪያው ግን ጆሮው ለብቻው ተሠርቶ የተበየደ ነው። በማጉያ ሲታይ ከጆሮው ሥር ቀጭን መስመር አለው። ይህን መስመር በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ለምን እንደጠፋ ያገኘሁት በልዑሉ ደንብ ውስጥ ነው። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ለተሸላሚው በሕይወት ሳለ ብቻ የሚሰጥ ነው። ሲሞት ቤተሰቡ በእጁ ወስዶ ለቤተ መንግሥቱ ይመልሳል፤ እዚያም ለሌላ ይሸለማል ወይም ይቀልጣል።

ሳነበው ገረመኝ። በእኛ ዘንድ የአባት ኒሻን የልጅ ኩራት ነው። አባቴ የቤተ መንግሥት አናጢ ነበር፤ ከንጉሡ እጅ አንዲት ሜዳሊያ ተቀብሏል። ደርግ ሲመጣ እናቴ በጨርቅ ጠቅልላ ጓሮ ቀበረቻት። ይህን የነገረችኝ ድምጿን ቀድታ በሰው እጅ በላከችው ካሴት ነው፤ "ያቺ ልጅ ደኅና ተኝታለች" ብላ በዘዴ። በሌላ ካሴት አባቴ ማረፉን ሰማሁ። አልቀበርኩትም። ከእናቴ ድምፅ ጀርባ የጎረቤታችን በግ ይጮሃል፤ ያን በግ ለመስማት ካሴቱን ደጋግሜ አጠነጠንኩ።

የላ ፒኮላ ዋና ደንበኛችን ጡረታ የወጡ የባቡር መሐንዲስ ነበሩ፤ ኢንጄኜሬ እንላቸዋለን። በሁለተኛው ጦርነት ጀርመኖች ማርከው የወሰዷቸው ወደ ላ ፒኮላ ዋና ከተማ ነበር፤ ሐዲድ ሲጠግኑ ከረሙ።

"ታዲያ ሜዳሊያዋን ለምን ይሰበስባሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ወጣትነቴ እዚያ ቀረ። ዳግመኛ ላልረግጣት ምያለሁ፤ ግን ከልቤ አትወጣልኝም" አሉ። የጎደላቸው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነበር፤ በመጡ ቁጥር የሚጠይቁት እሱን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ እኛ ሐበሾች ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንገናኛለን። እዚያ ነው እትዬ ጽጌ ወሬውን ያመጣችልኝ። የጎንደር ሰው ናት፤ ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ትጦራለች። የእኔን ሥራ ሥራ ብላ አትቆጥረውም።

"አንተ ብረት ለቃሚ! የኔ ሲኞራ ኮሞዲኖዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ክብ ብር አላት። እሑድ እሑድ አውጥታ አይታው ትመልሰዋለች።"

"ጆሮው ምን ይመስላል?"

"ሊወልቅ ነው መሰል፤ ሥሩ ተሰንጥቋል።"

ስንጥቅ ሳይሆን ብየዳ እንደሆነ ገባኝ። "እባክሽ አገናኚኝ" አልኳት።

"ቫ ቤኔ፣ እሺ። ግን ከረባት እሰር፤ ዝርክርክ ሰው አትወድም።"

በትሬኒኖው፣ በሰፈሩ ትንሽ ባቡር፣ ሄድኩ፤ ከረባቴን አስሬ፣ ጓንቴንና ማጉያዬን በቆዳ ቦርሳ ይዤ። አሮጊቷ ፍራው ኤልዛ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ሞግዚት ሆነው ሮም መጥተው፣ ጣሊያናዊ አግብተው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው። በጀርመንኛ ሰላም ብዬ ስለ ሜዳሊያው መምጣቴን ስነግራቸው ከወንበራቸው ለመነሳት ታገሉ። እትዬ ጽጌ ኮሞዲኖውን ከፈተችላቸው፤ ሜዳሊያውን በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

"ዘገያችሁ" አሉኝ። "አባቴ የልዑሉ ደን ጠባቂ ነበር። እሱ ሲሞት ቤተ መንግሥቱ ተዘግቶ የሚቀበለን አጣን። 'ሲጠይቁሽ ስጪ' ብሎኝ ነው የሞተው። ይኸው ጠብቄያለሁ።"

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ከረባት ያሰርኩ፣ ቦርሳ ያንጠለጠልኩ፣ ጀርመንኛ የምናገር ሰው ሜዳሊያውን ልረከብ ከልዑሉ መሥሪያ ቤት የተላክሁ መስያቸዋለሁ። ሐበሻ መሆኔ እንኳ አላጠራጠራቸውም። ዕድሜ ልኩን ሰው የጠበቀ የመጣውን መልክ አይመርጥም።

መስመሩ፣ ክብደቱ፣ ጥቁር ቆዳው፣ ሁሉም ልክ ነበር። አመስግኜ ብወጣ ማንም አይጠይቀኝም። እኛ ግን ለዚህ ነገር ስም አለን፤ አደራ ይባላል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ከሱቅ የመጣሁ መሆኔን ነገርኳቸውና ሜዳሊያውን መለስኩላቸው።

"ልትገዛ ነው የመጣኸው?"

"አዎ፣ ፍራው ኤልዛ።"

"የኔ ያልሆነውን እንዴት እሸጥልሃለሁ?" አሉና ቀጥለው፣ "እኔ እየሞትኩ ነው። አንተ የኛን ቋንቋ ታነባለህ፤ እባክህ የሚረከበውን ሰው ፈልግልኝ" አሉኝ።

ስትሸኘኝ የተባባልነውን ለእትዬ ጽጌ ነገርኳት። "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ የሚባለው ለብረትም ኖሯል?" አለች። ልታስቀኝ ነበር፤ ግን የራሷ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሲኞር ኦታቪዮ ጮኹብኝ። "የከፈትኩት ሱቅ ነው ወይስ የጠፋ ዕቃ ማስመለሻ? እሷ ስትሞት ሌላ ነጋዴ ይወስደዋል!" ቢሆንም መጻሕፍቱን አልከለከሉኝም። በሥራ ሰዓት ወደ ከተማይቱ ስጽፍም አይተው እንዳላዩ አለፉኝ።

መልሱ መጣ። የልዑሉ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኗል፤ ቀድሞ የተመለሱት ሜዳሊያዎችም እዚያው ናቸው። ይቀበላሉ። ፍራው ኤልዛ ግን በፖስታ አይሄድም አሉ፤ ደንቡ በእጅ ስለሚል። እሳቸው ከአልጋ መነሳት እያቃታቸው ነበር። እኔ ፓስፖርት የለኝም። እትዬ ጽጌም "የኔ ፔርሜሶ፣ ይህ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ድንበር ላይ ያስቀረኛል" አለች። ባቡር እንደ ልቡ የሚሳፈር አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሱም ያንን ሜዳሊያ ከማንም በላይ የሚመኝ ሰው ነው።

ኢንጄኜሬውን ቶር ፒኛታራ ወሰድኳቸው። ማጉያዬን ተቀብለው መስመሩን ደጋግመው አዩት። እንደማይሸጥ ሲያውቁ ሌላ ሐሳብ አመጡ።

"እኔ ጋር ይቀመጥ፣ ሲኞራ። ስሞት ወደ ከተማይቱ እንዲመለስ እናዘዛለሁ።"

"ደንቡ የአባቴን ሞት እንጂ የእርስዎን አይጠብቅም" አሉ ፍራው ኤልዛ። "አባቴ ደግሞ ሞቷል።"

ኢንጄኜሬው ማጉያዬን መለሱልኝ። ኋላ፣ "ባቡሩ ሙኒክ ላይ ይቀየራል" አሉ። እንደሚሄዱ የነገሩን በዚህ ነው።

"ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጠህ" አሉኝ ሲኞር ኦታቪዮ፣ ማለትም በእሳቸው ቋንቋ ይህንኑ። "ሰብሳቢን የሚያምን ሞኝ ነው።" ጉዞው ከጠበቅነው በላይ ቆየ። ፍራው ኤልዛ መብላት ተዉ። እትዬ ጽጌ ሱቅ ድረስ እየደወለች "መጡ?" ትለኛለች፤ አልመጡም እላታለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ኢንጄኜሬው ከጣቢያ ቀጥታ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ ቶር ፒኛታራ መጡ። እኔም ተጠርቼ ደረስኩ። ፍራው ኤልዛ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ማን ተረከበው?"

"አንዲት ወጣት ሴት። ጓንት አድርጋ፣ ቆማ ተረከበችኝ። የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የአባትዎን ስም ነገርኳት።"

"ጮክ ብለው?"

"ጮክ ብዬ።"

አሮጊቷ ተነፈሱ። ከዚያ፣ "ከተማው እንዴት ነው?" አሉ።

ላልረግጣት ምዬ ነበር ያሉት ሰው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከጣቢያው ሲወጡ በግራ ያለውን ዳቦ ቤት ነገሯቸው። ቀጥሎ ድልድዩን፣ ከድልድዩ ማዶ የቆዳ ፋቂዎቹን መንገድ። ፍራው ኤልዛ ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተላሉ፤ "አዎ፣ ከዚያ አቀበቱ" ይላሉ። "አቀበቱ፣ ከዚያ ደኑ" ይላሉ ኢንጄኜሬው። "ደኑ አለ?" "አለ። ጥቅጥቅ ብሎ አለ።"

እትዬ ጽጌ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም አለቀስኩ። በሜዳሊያው ቀናሁ፤ ያለ ፓስፖርት አገሩ ገባ። በፍራው ኤልዛም ቀናሁ። እኔ ሰፈሬን እንዲህ በር በበሩ የሚተርክልኝ መንገደኛ አላገኘሁም። በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረን ማን እንደታሰረና ማን እንደሞተ ነበር። ዳቦ ቤቱ አለ ወይ፣ ድልድዩ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያሳፍር ነበር። እኔ ግን ልጠይቅ የምፈልገው እሱን ነበር።

ፍራው ኤልዛ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ አገሬን ያየሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እናቴ አልቆየችኝም።

ለሙያው ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ሜዳሊያ ሲመጣላችሁ ስንት ያወጣል ከማለታችሁ በፊት ተረካቢ እንዳለው አጣሩ። ካለው አትግዙት፤ አድርሱት። ቶሎም አድርሱት፤ የሚጠብቅ ሰው ያረጃል።