አጥንቱን ያልነካው ውሻ

ሱፋን መመለሷንማ ሰምታችኋል፤ ያልሰማ የለም። ፊቷን በሻርፕ ሸፍና፣ ያንን ቢጫ ውሻ በገመድ አስከትላ፣ በጠራራ ፀሐይ መንደሩን ሰንጥቃ ስታልፍ ኮምጣጤ ሻጩ እንኳ ሥራውን ትቶ ነው ያያት። ዋናው ወሬ ግን አባቷ ጋ ነው።

አባቷ ጌንግ እንግዲህ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ መርፌውንም ቅጠላ ቅጠሉንም ከአባቱ የወረሰው። ከፌን ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያሳለው ውሻ፣ ምግብ ያስጠላት ድመት ሁሉ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ምላስ ያያል፣ የኋላ እግሩን ከውስጥ በኩል ይዞ የደም ትርታ ያዳምጣል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ጠባይ ያያል፤ ፍጥረት ሁሉ ከአምስት ባሕርያት የአንዱ ነው ባይ ነው። እንጨት የሆነ እንስሳ ቁጡ ነው፣ መጀመሪያ እኔ ባይ፤ የሚያመው ጉበቱን ነው ይላል። እሳት የሆነው ሰው ወዳድና ጯሂ፣ ልቡ የሚደክም። አፈር ረጋ ያለ ሆዳም፣ ምግብ አይቶ የማያልፍ። ብረት ኩሩ፤ ሳንባውን ጠብቁለት። ውሃ ደግሞ ፈሪ፣ አልጋ ሥር ገቢ፣ ጣጣው ኩላሊቱ ላይ።

«ፈሪውን ፊት ለፊት አትዩት» ይላል። «ጀርባችሁን ስጡትና ቁጭ በሉ። ምግቡን ከኋላችሁ ዘርጉለት። ራሱ ይመጣል።» እውነቱን ነው፣ ይመጡለታል።

ታዲያ ሰውንም በዚያው ዓይን ነው የሚያየው። እህል ፈጪው እንጨት ነው፣ መጠጥ አታብዙበት ይላል። ሚስቱ ላን አንድ ቀን «እኔስ ምንድን ነኝ?» አለችው።

«አንቺ ብረት ነሽ።»

«ብረት ባልሆንማ አንተን መች እችል ነበር!»

ልጁን ሱፋንን ግን ከእናቷ ጡት ሳትወርድ ነው እሳት ናት ያላት። ስትስቅ ከወንዙ ዳር ይሰማል። እሷ ስትስቅ የእሱ ፊት ሲበራ ማየት ነበር! ይቺን ልጅ የሚያበርድ ረጋ ያለ ቤት ነው የሚያስፈልጋት እያለ፣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሲመልስ ኖረ።

ከዚያ የከሰል መኪና የሚነዳው ቻይ ዮንግ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አንደበቱ ማር። የሙሽራዋ ወገኖች እንደ ወጉ የሙሽራውን ቤት ሊያዩ ሄዱ። አክስቶቿ ብርድ ልብሱን ዳበሱ፣ የእህሉን ጋን ከፍተው አሸተቱ፣ ግድግዳውን አንኳኩ። ጌንግ ቀጥ ብሎ የሄደው ደጅ ወደተኛው ቢጫ ውሻ ነው። ይሄ ሁሉ እንግዳ ሲገባ ውሻው አልጮኸም። ጌንግ ሲነካው ተገልብጦ ሆዱን ሰጠው።

«አፈር ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «እንዲህ ያለ ውሻ የሚያድርበት ቤት ሰላም ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ጨርሻለሁ።»

ምሳ ቀርቦ ሲበላ አንዱ ለውሻው አጥንት ወረወረለት። አጥንቱ አፍንጫው ሥር ወደቀ። ውሻው አጥንቱን አየ፣ ዮንግን አየ፣ አንገቱን መልሶ መሬት ላይ አስተኛ።

ላን ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ አፈር ምግብ አይቶ አያልፍም አላልክም እንዴ?»

«ጠግቦ ነዋ።»

«የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ጠግቦ?»

«ላን! ሐኪሙ ማነው፣ እኔ ነኝ አንቺ?»

ላን ሰው ፊት ባሏን አታዋርድም፤ ወደ ምሳዋ ተመለሰች። እሱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጨርሻለሁ ካለ በኋላ ቃሉን አጥፎ ምን ይበል? ሱፋን ተዳረች።

በአዲስ ዓመት ማግስት፣ እንደ ወጉ፣ የተዳሩት ልጆች ሁሉ እናት አባታቸው ቤት ሲመጡ እሷም መጣች። ዱባውን ስትቆርጥ፣ ኑድሉን ስትቀቅል ድምጿ የለም። እጅጌዋን አልሰበስብ አለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሩ ሲንኳኳ ብርግግ ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ላን ልጇን ደግፋ መልሳ ስታስቀምጥ ጌንግ ለጎረቤቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ? በረደችልኝ! አፈር እሳትን እንዲህ ነው የሚያረጋው።»

እንግዲህ ያን በጋ ነው ያንኑ ውሻ አስከትላ በእግሯ የመጣችው።

መንደሩ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሟል። ጌንግ ከቤቱ ወጣ። ልጁ ሻርፗን አወረደች፤ አንደኛው ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። አባት ነው፣ ያቅፋታል ብለን ስንጠብቅ ቁጢጥ አለና የውሻውን አፍ ከፈተ! ምላሱን አየ። ጭኑን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ትርታውን አዳመጠ።

«ውሃ ነው» አለ። «ይሄ ውሻ ውሃ ነው። ተሳስቻለሁ። በፍርሃት ነው የኖረው።»

«ውሃ አይደለም፣ አባባ» አለች ሱፋን። «እሳት ነበር። ቡችላ ሳለ ሰው ላይ እየዘለለ ያስቸግር ነበር ብለውኛል። ዮንግ ነው በአካፋ ያጠፋው። አሁን ውሻውን አይተህ ከጨረስክ እኔ ልግባ?»

ገባችና ጓዳውን በላይዋ ቆለፈች። ከዚያ ወዲያ አባቷን አላናገረችውም። ላን ገንፎዋን በጓዳው በር እያስገባችላት፣ ባዶ ሳህኗን እያወጣች ከረመች።

ጌንግ ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሲመጣለት ጠባዩን መናገር ተወ። «ማነው የሚመታው?» ይላል መጀመሪያ። እነዚያ ከከተማ የሚመጡት፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩት፣ ውሻቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው የሚዞሩት ሴትዮዎች ተቀየሙ። «ምን ይላል ይሄ ሽማግሌ!» ብለው ሌላ ሐኪም ጋ ሄዱ። መርፌዎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ቀሩ።

እንግዲህ ላን ገበያ የሄደች ቀን ነው። ቤት ያሉት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ውሻው ግቢው ውስጥ ካለው ጋሪ ሥር ተኝቷል። ጌንግ ትኩስ የእንፋሎት ዳቦ ከድስቱ አወጣ። በግቢው በኩል ወደሚከፈተው የጓዳ በር ሄደ፣ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደ። ማንኳኳት ያስበረግጋታል። ከዚያ ያ የተከበረ ሐኪም ምን አደረገ መሰላችሁ? ለልጁ በር ጀርባውን ሰጥቶ መሬት ላይ ቁጭ! ዳቦውን በእጁ ይዞ ወደ ኋላው ዘረጋ። በአጥሩ ቀዳዳ እያየነው እንደሆነ የት ያውቃል! ዳቦው እስኪቀዘቅዝ፣ ክንዱ እስኪዝል እንደዘረጋ ቆየ።

ኋላ ዳቦው ከእጁ ቀስ ብሎ ተወሰደ።

ዞር አላለም። እንባውን በሌላ እጁ ጠረገ። «ብዪ፣ ልጄ» አለ። «ብዪ። ያን ቀን አጥንቱን አይቼው ነበር። እናትሽ ሳትነግረኝ በፊት ነው ያየሁት። አይቼ ዝም አልኩ። ሰው ፊት ቃሌን ማጠፍ አፈርኩና አንቺን ሰጠሁሽ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

የጓዳው መስኮት መጋረጃ ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ መልሶ ተዘጋ። የጓዳው በር እንደተቆለፈ ነው። ጌንግ ገና አንገቱን ደፍቶ እያለቀሰ ይቅርታውን ሲለምን፣ ከኋላው ዳቦውን የጨረሰው ቢጫው ውሻ ጣቱን ላስ አደረገለት።