የመገበሪያ ፈጪዋ እጅ

እማሆይ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን ለሰላምታ ለማንም አይሰጡም ነበር። ኩራት አይደለም። ለቅዳሴ የሚቀርበውን ስንዴ የሚለቅሙትም የሚፈጩትም እሳቸው ነበሩ። መገበሪያ የሚነካ እጅ የትም አይገባም። የእህታቸው ልጅ እናኑ እንኳ ከአጥሩ ላይ ቆማ ጎንበስ ትላለች፤ እሳቸውም ጎንበስ ይላሉ። ሰላምታው ይኸው ነበር።

ቤታቸው ከፀዳ ወደ ማክሰኝት ከሚወስደው መንገድ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። ባላቸው በጣልያን ጊዜ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። መነኮሱ። ከዚያ ወዲህ የኔ የሚሉት ነገር ቢኖር ያ ወፍጮ ነበር፤ ነጭ ጨርቅ የሚለብስ፣ ከሌላ እህል ጋር የማይገናኝ ድንጋይ። የሰጣቸው ደብሩ ነው። ደብሩ መልሶ ሊወስደውም ይችላል። ይህን አንድም ቀን ረስተውት አያውቁም።

ጣልያን ከአገር ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። አዘዞ ላይ ግን ሙሴ ካርሎ የሚሉት አንድ መካኒክ ቀርቶ፣ ከጋራዡ ጀርባ አሳማ ያረባ ነበር። በፍልሰታ ዋዜማ ማኪናው ከዳገቱ ሥር በጭቃ ተንሸራታ ከመንገድ ወጣች። የጫነው ሣጥን ተሰብሮ የአሳማ ግልገሎች በየማሳው ተበተኑ። ሙሴ ካርሎ ጭቃ ለጭቃ እየወደቀ ሲያባርር አገሬው ከዳገቱ ላይ ቆሞ ሳቀ። ያገዘው የለም። ማን አሳማ ይይዛል? የያዘውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እማሆይ ከጎተራቸው ሥር እንደ አራስ ልጅ የቀላ ነገር ተጠቅልሎ አገኙ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ዐወቁ። መቋሚያቸውን አንሥተው ጎኑን ገፉት። ተነሣ፣ ተመልሶ ወደቀ። የኋላ እግሩን ይጎትታል። ከአጥሩ ውጭ የክንዱ ውሾች ያነፈንፋሉ። ክንዱ ጎረቤታቸው ነው፤ ልጁ ከፈንጣጣ ስለዳነችለት በስለት የመገበሪያውን ስንዴ ለደብሩ የሚያገባ ገበሬ። ስንዴው ከዚያው ጎተራ ውስጥ ነበር።

ግልገሉን ወደ ውጭ ቢገፉት ውሾቹ ይቦጫጭቁታል። እዚያው ቢተዉት ስንዴውን ያረክሳል። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በመቋሚያው ቀስ እያሉ እየገፉ ከማገዶ ማኖሪያው ጎጆ አስገቡትና በሩን በግንድ ደገፉት። ጣታቸው አልነካውም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲሁ ሆነ። እናኑ የምታልበው ወተት በጾም ለቅቤ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ላይ ጥቂት እየቀነሱ እጀታው በረዘመ ቅል ከርቀት ገል ላይ ያፈሱለታል። ወደ በሩ ሲመጣ በመቋሚያው ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ከዚያ ታጥበው ወደ ወፍጯቸው ይገባሉ። ቅዳሴ ሲደወል መቋሚያቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የደረሰችበት እናኑ ናት።

«እማሆይ፣ ከጎጆው ውስጥ ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ወተቱን አኑሪና ሂጂ።»

እናኑ በስንጥቁ አየች። «በስመ አብ! ምነው እማሆይ! በፍልሰታ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አያ ክንዱ የሰማ እንደሆነስ?»

«አልነካሁትም።»

«ማን ያምንዎታል?»

«ማመን የእናንተ ነው። አለመንካት የኔ ነው።» ወደ መንገዱ አዩ። «አዘዞ ወርደሽ ለሙሴው ንገሪው። ንብረቱን መጥቶ ይውሰድ።»

«ወንዙ ሞልቷል እኮ። ማኪናም አላለፈ።»

«ሲጎድል ሂጂ።»

ወንዙ አልጎደለም። ዝናቡ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ይወርዳል። ግልገሉ ወተት እየጠገበ ድምፁ ጨመረ፤ ውሾቹም ከአጥሩ አልለቅ አሉ። በጾሙ እኩሌታ የክንዱ በሬ ከቆመበት ወደቀ፤ መነሣት አቃተው። ክንዱ ጦሩን ይዞ መጣ።

ጠዋት ነበር። እማሆይ የዕለቱን መፍጨት ጀምረዋል። ከበሩ ላይ ሆኖ ጮኸ።

«እማሆይ! ብቅ ይበሉ!»

ወጡ። እጃቸው በዱቄት ነጥቷል። «እንዴት አደርክ ክንዱ።»

«ምን ማደር አለ? በሬዬ ሊሞት ነው። ውሾቼ ከአጥርዎ ሥር አደሩ። ምን ደብቀዋል?»

«የሰው ንብረት።»

«አሳማ ነው ይላሉ።»

«አሳማ ነው።»

ክንዱ ይክዳሉ ብሎ ነበር የመጣው። «ስንዴው የኔ ነው!» አለ። «ለልጄ የተሳልኩት። ከአሳማ ጋር ያኖሩታል?»

«ስንዴህ እዚህ ነው። አሳማው እዚያ ነው። በመካከል እኔ አለሁ።»

«እንግዲያ ሞግዚት ሆነዋላ! ቆብዎን ያውሱትና ይመንኩስልን!»

«ቅድሚያ ላንተ ነው። አንተ ስትመነኩስ ተራው ይደርሰዋል።»

ክንዱ አልሳቀም። «ያውጡልኝ። አንድ ጊዜ ወግቼ ልገላገል።»

«በሬህን እሱ አልጣለውም። ተጠግቶኛል፤ ባለቤት አለው። አልሰጥም።»

«ለደብሩ ገበዝ እናገራለሁ።»

«ተናገር።»

ይህን ሲባባሉ ውሾቹ ከጎጆው በስተጀርባ አፈሩን ቆፍረው ገብተው ነበር። ጩኸቱ ተሰማ። ክንዱ ውሾቹን እየጠራ በአጥሩ ዙሪያ ሮጠ። እማሆይ በግቢው በኩል መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ግንዱን ገፍተው በሩን ከፈቱ። ግልገሉ በሦስት እግሩ ወጣ፤ ትልቁ ውሻ ጆሮውን ነክሶታል። እማሆይ ውሻውን በመቋሚያ አናቱን አሉት። ለቀቀ። ሌላው መጣ። ጊዜ አልነበረም። ጎንበስ ብለው ግልገሉን በሁለት እጃቸው አነሡትና ከደረታቸው አስጠጉት።

ይሞቃል። ልቡ ይመታል። ይህ ሁሉ ዱቄት በነካ እጃቸው ላይ ነበር።

ክንዱ ከአጥሩ ማዶ ውሾቹን በድንጋይ እየመታ ጠርቶ ሰበሰበ። አላየም። እየተሳደበ ወደ ገበዙ ቤት ወጣ። እማሆይ ግልገሉን ወደ ጎጆው መልሰው ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈኑ። በግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ውሃውም በእንስራው ሙሉ ነበር። ታጥበው ወደ ወፍጯቸው ቢመለሱ የሚጠይቃቸው የለም።

አልታጠቡም። ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ዲያቆን አላምረው ዱቄት የሚወስድበትን ነጭ ጨርቅ ይዞ እንደ ወትሮው መጣ። «እማሆይ፣ ዱቄቱ ደረሰ?»

«ትናንት የፈጨሁት ከማሰሮው ውስጥ አለ። እሱ ንጹሕ ነው። ራስህ ግባና አንሣ። ወፍጮው ላይ ያለውን ግን እንዳትነካ።»

«ምነው፣ አሞዎት ነው?»

«እጄ አሳማ ነክቷል።»

አላምረው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ነጠላቸው ላይ ያለውን ደም አየ። ወደ አጥሩ ዞር ብሎ ቃኘ።

«ሰው አይቷል?»

«ምን ልትለኝ ነው?»

ዲያቆኑ ዓይኑን ከአጥሩ መለሰ። «ማሰሮው ለዛሬ ይበቃል ወይ ልል ነው» አለ።

«ይበቃል።»

ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ገበዙ ቄስ ኃይለ ማርያም ቸኩለው የሚፈርዱ ሰው አልነበሩም። ክንዱን ሰሙ። አላምረውን ሰሙ። እማሆይንም ቆመው እንዲናገሩ አደረጉ። ያነሡበትን ምክንያት፣ ዱቄቱን እንዴት እንደለዩት ጠየቁ።

«የሰው ንብረት ከውሻ አፍ ማስጣል ነውር አይደለም» አሉ ገበዙ። «ዱቄቱን ለይተዋል። ራሳቸው ተናግረዋል። ለመንጻት መጽሐፈ ቄደር ተደግሞላቸው ይጠመቁ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ ወፍጯቸው ይመለሱ። ክንዱ፣ ምን ትላለህ?»

ክንዱ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ፣ አባ።»

ሰው ሊነሣ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። ገበዙ ለነገሩ ማሰሪያ ያህል ጠየቁ። «ከዛሬ በፊት ግን በእጅዎ አልነኩትም?»

«በፍጹም። በመቋሚያዬ ነበር የምገፋው።»

ማንም አልተነሣም።

እማሆይ ሰዎቹ ወዴት እንደሚያዩ አዩ። መቋሚያው በእጃቸው ነበር። በየቀኑ ተደግፈውት ሲያስቀድሱ የከረሙት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወለል የረገጠው መቋሚያ። ስለ እጃቸው ያን ያህል ሲጠነቀቁ እሱን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰቡትም።

«ይኸው መቋሚያ?» አሉ ገበዙ።

«ይኸው።»

ከዚያ ወዲያ የተባለው ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጸበል እንዲረጭ፣ መቋሚያው እንዲቃጠል ተወሰነ። ወፍጮውን ከታች መንደር ያሉት መበለት፣ ወይዘሮ ይመኙሽ፣ እንዲረከቡ ተባለ። እስከ መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። እማሆይም አልጠየቁም።

ድንጋዩን የተሸከመው ክንዱ ነበር፤ ጉልበት ያለው እሱ ነው። ሲያነሣው እማሆይ ከበሩ ቆመው «ዱቄት ከሚወድቅበት አትያዘው፤ ከጫፉ ያዝ» አሉት። ከጫፉ ያዘ። ከግቢው ሲወጣ ቆም አለ።

«እኔ እኮ አሳማው እንዲሄድ ብቻ ነበር» አለ።

«ዐውቃለሁ። ሂድ፣ ይከብድሃል።»

ድንጋዩ ይለብስ የነበረው ነጭ ጨርቅ ወለሉ ላይ ቀርቷል። እማሆይ አነሡት። ወደ ጎጆው ገብተው ግልገሉን በእጃቸው ያዙ፤ ከጭናቸው ላይ አጋድመው እግሩን ዳሰሱት። አጥንቱ ወልቋል እንጂ አልተሰበረም። ጎትተው መለሱት። ጮኸ፤ ደግፈው ያዙት። ከዚያ ጨርቁን በረጅሙ ቀደው ከሁለት እንጨት ጋር አሰሩለት።

ወንዙ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ጎደለ። እናኑ አዘዞ ወርዳ ተናግራ ስለነበር ሙሴ ካርሎ በማኪናው መጣ። ግልገሉ በአራት እግሩ ቆሞ ጠበቀው። ጣልያኑ እግሩን አገላብጦ አየ፤ ጨርቁንም አየ።

«ሸጋ ሥራ» አለ በተሰባበረ አማርኛ።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«ለገና» አለ፤ እጁን በጉሮሮው ላይ እንደ ቢላዋ አሳለፈ።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእናንተ ገና ከእኛ ይቀድማል።»

ጣልያኑ አልገባውም። ግልገሉን በጆንያ ከትቶ ሄደ። ማኪናው ከዳገቱ ሥር እስክትሰወር ቆመው አዩ፤ ከዚያ ገሉን አንሥተው ከአጥር ውጭ ጣሉ።

ወደ ማታ እናኑ መጣች። እንደ ልማዷ ከአጥሩ ላይ ቆማ ጎንበስ አለች። እማሆይ ግን ጎንበስ አላሉም። ግቢውን አቋርጠው ወደ አጥሩ መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

እናኑ እጁን አየች፤ ፊታቸውን አየች። ከዚያ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻቸው።