በአባቴ ጋቢ ውስጥ የተጓዘ ፍል ውኃ

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ፋጡማ በፔርሙስ ሻይ አመጣችልኝ። የኅዳር ውርጭ መካነ ሰላም ላይ ከርሯል፤ እኔም ፔርሙሱን ተቀብዬ፣ ሳልከፍተው ጋቢዬ ውስጥ ወሸቅሁት።

«እማማ ዘሀራ፣ ይጠጡት እንጂ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ፤ አባቴ ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ በባዮሎጂ ተመርቄ አሳይታ በመምህርነት ተመድቤ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እናቴ ካለፈች ወዲህ ከእኔ ሌላ ሰው የለውም። «ደገኛ ልጅ አፋር በረሃ ወርዳ አትተርፍም» አለና በቃ፣ ዘጋ። እኔ ደግሞ ያለ ምርቃቱ የምሄድ አልነበርኩም። ወሎ ውስጥ ያለ ዱዓ መንገድ የሚወጣ ማን አለ?

የጉልበቱ ሪህ ሲጠናበት ወደ ዓባይ ቆላ፣ ወደ ፍል ውኃው አጅቤው ወረድኩ። ጤፉ ቢጫ ብሏል። እየቆረጠምን የወረድነው የሽምብራ ቆሎ ጨው በዝቶበት ነበር፤ የቆላሁት እኔ ነኝ። የምንጩ ዓይን እንቁላል ይቀቅላል፤ እንፋሎቱ ክብሪት ክብሪት ይሸታል። ውኃው ዝቅ ብሎ በሚፈስበት ጠርዝ ድንጋዩ አረንጓዴና ብርቱካንማ ዝልግልግ ነገር ለብሷል።

አባቴ እግሩን ለብ ካለው ወራጅ ነክሮ፣ «ይሄ ዝገት ነው?» አለኝ።

«ዝገት አይደለም አባዬ። ሕይወት ያላቸው ናቸው፤ ባክቴሪያ ይባላሉ። ለየብቻ አይታዩም፤ በብዛት ሲደራረቡ ነው እንዲህ የሚሆኑት።»

«በዚህ እሳት? ያ ረቢ! አይቃጠሉም?»

«አገራቸው ነው። እንዲያውም ሲበርዳቸው ነው የሚደክሙት።»

ጎንበስ ብሎ አያቸው። እኔም ከዝልግልጉ ትንሽ ከነውኃው በጠርሙስ ቀዳሁ። «ለተማሪዎቼ ላሳይ» ልል ነበር፤ ዋጥኩት።

ዳገቱን ስንያያዘው ነፋሱ ተነሣ። አባቴ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ በጋቢው ጠቀለለና ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ቢቀዘቅዙም ቶሎ እንደማይሞቱ አውቃለሁ፤ ግን በምን አንጀቴ ልንገረው? ከኋላው ስከተል ወደ ብብቱ ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት።

«አብሽሩ። ደርሰናል፣ አብሽሩ።»

ለታመመ፣ ላዘነ፣ ከአገሩ ለወጣ ሰው የምንለውን ቃል ለባክቴሪያ!

ደጋው አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆመ። ጠርሙሱን ግን አልመለሰልኝም።

«ዘሀራ» አለ፣ «በፈላ ውኃ የሚያኖር ጌታ ልጄን አሳይታ ማኖር አያቅተውም። ሂጂ። አብሽሪ።»

እጁን ሳምኩት፤ አለቀስኩም።

አሳይታ አግብቼ፣ ወልጄ ከበድኩ። አባቴ በየዓመቱ «ሙቀቱስ?» እያለ ጠይቆኝ ጠይቆኝ፣ አንድ ክረምት ላይ አለፈ። እኔም ጡረታ ወጥቼ ተመለስኩ። ይኸው ዛሬ እሱ የፈራልኝ ሙቀት ሳይሆን የተወለድኩበት ብርድ ያንዘፈዝፈኛል።

ፋጡማ ሻዩን ቀዳችልኝ። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለች፣ ይህን ታሪክ ማንም ሳይነግራት፣

«አብሽሩ እማማ» አለችኝ።