ዝም ያለው ኮምፒዩተር

ባለፈው ሳምንት አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው የአባቴ ቤት ሊታደስ ስለሆነ ጓዳውን ሳጸዳ፣ ከአሮጌ ጨርቆች ሥር መዳፍ የሚያህል አልሙኒየም አገኘሁ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንፎች አሉት። አናጢው «ይጣል?» ሲለኝ በቀሚሴ ጫፍ አቧራውን እጠርግለት ጀመር። ቀዝቃዛ ነበር። ሲግል የማውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በእኔ እጅ የመጣ ጣጣ ነው።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ኑሩ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ይማር ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ የጣለውን ኮምፒዩተር ለምኖ በጋሪ ጭኖ ያመጣው ዕለት፣ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የክብር ቦታ ተሰጠው፤ ወዲያውም እናቴ የሠራችው ዳንቴል ለበሰ። በእኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነበር የሚቆጠረው። ለኮምፒዩተሩማ አቧራ እንዳይገባው ተብሎ ወፍራም ገበር ተጨመረለት። ማልበሱ የእኔ ሥራ ሲሆን ደንቡም ቀላል ነበር፤ ሲጮህ አይነካም፣ ዝም ሲል ይሸፈናል። አጯጯሁን ደግሞ አትጠይቁኝ። ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ሲነሳ እናቴ «ይሄን ሁሉ ጮሆ ምነው እህል እንኳ አይፈጭልን» ትል ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴ ጉሮሮውን ታመመ። ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከሱቁ ደጃፍ «ሐዩ!» ብሎ ሲጠራኝ መንገድ ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ ነበረው። ያ ድምፅ ሰለለ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ካላደረገ እንደማይተርፍ፣ ካደረገ ግን ድምፁ እንደማይመለስ ቁርጡን ነገሩት። ሁለት ቀን ሲያስብ ሰንብቶ፣ «ለእያንዳንዳችሁ ዱዓ አድርጌ በድምፄ ልተውላችሁ» አለን። ኑሩ ካሴት ይበጠሳል፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው መቀዳት ያለበት ብሎ ድርቅ አለ። ሲሞክሩት ግን ያንን የሰለለ ድምፅ ማራገቢያው ዋጥ አደረገው።

ኑሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲታገል ከርሞ ማራገቢያውን ነቀለና፣ ከተቃጠለ አምፕሊፋየር የፈታውን ያንን አልሙኒየም የኮምፒዩተሩ አንጎል ላይ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ አሰረው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይግላል፤ አልሙኒየሙ ሙቀቱን እየሳበ በክንፎቹ መሃል ለሚያልፈው አየር ያስረክባል፤ ለዚህም የሳጥኑ ክዳን ተነስቶ ክፍት ሆኖ ቀረ። አስነስቶ ሲያሳየን ትንፍሽ አላለም። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ «ሞቷል እኮ» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ዝም ብሎም እንደሚሠራ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

አባቴ የሚሄድበት አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከኑሩ ጋር ተቀምጦ እያረፈ ሲናገር አረፈደ። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ሲሰማ የቀረችውን ከሶላት መልስ እጨርሳለሁ ብሎ ሁለቱም መስጊድ ወጡ። ኑሩ ሲያልቅ አንድ ላይ ሴቭ አደርገዋለሁ ብሎ ቅጂውን ለአፍታ አቁሞ ስክሪኑን ብቻ አጠፋ። እኔ ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ሳሎኑ ጭር ብሏል፣ ስክሪኑ ጨልሟል፣ ኮምፒዩተሩ ራቁቱን ነው። እጄ እንደለመደው ገበሩንም ዳንቴሉንም አለበሰችው። ዳሩን ሳይቀር አስተካክያለሁ።

ሲመለሱ ኑሩ ጨርቁን ገፎ ሲጥለው አልሙኒየሙ ጣቱን ለበለበው። ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቀርቷል፤ አጥፍቶ ቢያስነሳው እምቢ አለ፣ ደግሞ ቢሞክር እምቢ አለ፤ ሴቭ ያልተደረገው ቅጂም አብሮት ጠፋ። ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ኑሩ ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት አባቴ እጁን አነሳና ዝም አሰኘው፤ ከዚያ ራሴን እየደባበሰ፣ «አይዞሽ ሐዩ፣ ዕቃ ነው» አለኝ። ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል እሱ ነው።

ድኖ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስድስት ዓመትም አብሮን ኖረ። የሚፈልገውን በትንሽ ደብተር ላይ ይጽፍልን ነበር፤ ውሃ አምጪ፣ በሩን ዝጊው፣ ጎበዝ። ዱዓዬን አንድ ቀን ይጽፍልኛል እያልኩ እጠብቅ ነበር። ጻፍልኝ ማለት ግን ያቺን ቀን ማንሳት ስለሚሆንብኝ አፍሬ ዝም አልኩ፤ በዝምታዬ ውስጥ እያለሁ አለፈ። አሁን ያ መንገድ የሚሻገር ድምፁ ጠፍቶብኛል። ትዝ የሚለኝ ሹክሹክታው ብቻ ነው።

ከቀብሩ ከወራት በኋላ ኑሩን እንደምንም ደፍሬ፣ ያን ዕለት የእኔ ዱዓ ተራ ደርሶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ካንቺ ነው የጀመረው፤ ካንቺ ጋር ነው ብዙ የቆየው» አለኝ።

ምን እንዳለ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ሲሰማ የነበረው የኮምፒዩተሩ ጩኸት ይግባ አይግባ ብቻ እንደነበር፣ ቃሉን በኋላ ተረጋግቼ እሰማዋለሁ ብሎ እንደተወው ነገረኝ።

«ጥርት ያለ ነበር ሐዩ» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፤ «አንድም ጩኸት አልገባበትም።»