ገደብ አውጪው መልከጼዴቅ

መልከጼዴቅ ጁባ ውስጥ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር በሚገኝ የጭነት ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ኢንተርኔት ተቆጥቦ የሚካፈሉት ነገር መሆኑን ለባልደረቦቹ ሲሰብክ ስድስት ዓመቱ ነው። በሥራ ሰዓት ፊልም የሚያወርድ ካገኘ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይገሥጻል። በሩ ላይም «አትስገብገቡ» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

ሐሙስ ጠዋት የአሮጌው ሰርቨር ማቀዝቀዣ ተሰበረ። በላዩ የሚሠራውን የጭነት መዝገብ፣ የሚሠራበትን ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረውን ኮምፒውተር፣ ሳያጠፋ ማላኪያ ሰፈር ወዳለው አዲስ ሰርቨር በኢንተርኔት ማዛወር ነበረበት። እንዲህ ያለ ዝውውር የኢንተርኔት መስመሩን ሁሉ እንዳይውጥ የፍጥነት ገደብ ይደረግለታል። ያን ቀን ግን የጸሐፊዋ የሩቲ አባት ሆሳዕና ሊቀበሩ ነው፤ መሄድ ስላልቻለች ወንድሟ ሰባት ሰዓት ላይ ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ ሊያሳያት ተነጋግረዋል። መልከጼዴቅ አሰበላት። ያለ ገደብ ከለቀቀው ከሰባት በፊት ያልቃል። አምስት ሰዓት ላይ ለቀቀው፤ በደግነቱም ትንሽ ኮራ።

ስድስት ሰዓት ላይ የሩቲ ስልክ ሥዕሉን አንድ ቦታ አቆመው። ወንድሟ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

መልከጼዴቅ የኢንተርኔት ሌባ ፍለጋ ተነሣ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሾፌሩ ኢማኑኤል ነው፤ ጋምቤላ ያደገና ኳስ የሚወድ። ኢማኑኤል ባትሪው አልቆ የተዘጋ ስልኩን አሳየው።

«ቀብሩ ገና አንድ ሰዓት አለው» አለ መልከጼዴቅ፣ ሩቲን ሊያጽናና።

«ጋሼ፣ የሆሳዕና ሰባት ሰዓት እዚህ ስድስት ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። «ሥርዓቱ ተጀምሯል።»

ወደ ክፍሉ ሮጠ። መስመሩን የዋጠው አንድ ብቻ ነበር፤ የራሱ ዝውውር። ፍጥነቱን በአንድ አሥረኛ ገደበው።

ሥዕሉ ተንቀሳቀሰ። ስብከቱ አልፏል፤ ሩቲ ግን ሣጥኑ ሲወርድ ደረሰች። እዚያ ዘማሪዎቹ ጀመሩ፣ እዚህ ኢማኑኤል ተቀበለ፣ ድምፁ የማያምረው መልከጼዴቅም ተከተለ። ዝውውሩ ስልሳ በመቶ ላይ ሲንፏቀቅ፣ በየደቂቃው ያየው የነበረው ሰው አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ዞር ብሎ አላየውም።

«ማሌሽ፣ ልጄ» አላት በኋላ፤ ይቅርታውን የተናገረው በጁባ አረብኛ ነው፣ በአማርኛ አልወጣለት ብሎ።

በማግስቱ ወረቀቱን ከበሩ ነቅሎ ከራሱ ኮምፒውተር በላይ ለጠፈው። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ከሥሩ በኢማኑኤል እጅ ተጽፎበት አገኘ፦ ሆሳዕና ሰባት፣ ጁባ ስድስት።