ከበሩ ጀርባ የቀረው አረንጓዴ

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሱሪው በቀለም የተዥጎረጎረ ነበር። ያ ጉሮሮ የሚከረክረው የዘይት ቀለም ሽታ ከልብሱ ሲመጣብኝ ደብተሬን ከደንኩ። የድሮ ሕንፃዎች ጥበቃ ልማር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው፤ ከመምህራችንና ከክፍል ጓደኞቼ ጋር አንድ የቆየ ቤት ልናይ እየሄድን ነበር። ቤቱን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደማውቀው ለማንም አልነገርኩም። ለምን እንዳልነገርኩ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ቤቱ በድሮ ጊዜ የመንደር ቄስ መኖሪያ ነበር። ለንደን እየሰፋች መንደሩን ስትውጠው፣ እሱ ብቻ ከሃርልስደን አለፍ ብሎ በትልልቅ ዛፎች መሀል ቀረ። ቀይ ጡብ ነው፤ በሩ መሀል ላይ፣ ግራና ቀኙ በገመድ ወደ ላይ የሚሳቡ ነጫጭ መስኮቶች። አንደኛው መስኮት በጡብ ተደፍኗል፤ «ቄሱ እዚያ ውስጥ ቆመው ያዩናል» እየተባባልን እንሮጥ ነበር። በስተኋላ ደግሞ ሌላ ቄስ፣ ልጆቹ ሲበዙበት፣ ያስቀጠለው ክፍል አለ። ጡቡ ቢጫ ቢጫ ስለሚል ያስታውቃል። ከታች ያለው ሰፊ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በጥቁር እንጨት የተለበጠ ነበር። ፀሐይ ስትገባበት ሰም ሰም ይሸታል።

ያንን ክፍል የቤቱ ባለቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ለአማርኛ ትምህርት ፈቀዱልን። ሃያ የምንሆን ልጆች ነበርን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፤ ከስቶክዌል ድረስ የሚመጡ ነበሩ። ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ወላጆቻችን በምርጫው ምክንያት ተኳርፈው ነበር፤ እኛን በር ላይ አድርሰው ሰላምታ ሳይለዋወጡ፣ እነዚህ ወዲህ፣ እነዚያ ወዲያ ይቆማሉ።

አባቴ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አጣቢ ነው፤ አዲስ አበባ ሳለ ግን አናጺ ነበር። አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ «ይኼ ክፍል ጭስ የመታው ጎጆ መስሏል። የተዋሱትን ልብስ እንኳ ሰው አጥቦ ይመልሳል» አለ። ሐሳቡን ሁሉም ወደዱት። ቀለሙ ላይ ግን ክርክር ተነሣ፤ እነዚህ ነጭ ሲሉ እነዚያ ክሬም።

«ለቀለም ደግሞ ምርጫ አናካሂድም!» አለ አባቴ፣ የገዛውን አረንጓዴ ቀለም ጣሳ በጠመንጃ መፍቻ እየከፈተ።

ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ሲስቁ ያን ቀን አየሁ። እናቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። «የሰርግ ቤት መሰለ እኮ!» «ቄሱ ቢያዩት ይመርቁን ነበር።» ሲያልቅ ግድግዳው ዝናብ እንዳጠበው ቅጠል ያብለጨልጭ ነበር።

በሳምንቱ ከካውንስሉ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ የድሮ ቤቶችን የምትከታተል ሴትዮ መጣች። ደፍ ላይ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቤቱ ሊስትድ ነበር፤ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታበትም። እኛ ይህን አናውቅም ነበር።

ለሰው ሁሉ ደብዳቤ የማነበው እኔ ስለነበርኩ ጠሩኝ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የወላጆች ኮሚቴው ሊቀ መንበር ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ አደራሽን፣ ከዚህ ካስወጡን መግቢያ የለንም» አለኝ። ሴትዮዋ ማን እንደቀባው ጠየቀች።

«እኔ ነኝ በያት» አለ አባቴ።

እኔ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «ስንመጣም እንዲህ ነበር ይላል» አልኳት።

ቀለሙ እኮ ገና እጅ ይይዝ ነበር!

ያቺን ያህል እንግሊዝኛ አባቴ አያጣም። ዞሮ አየኝ፤ አልተቆጣም፤ የታመመ ልጅ እንደሚታይ ነው ያየኝ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። የጥፍሮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ነበር። «ሚ» አለ። «አይ ፔይንት። ቺልድረን ኖ። ሚ።»

ሴትዮዋ እጆቹን ብዙ አየች። ክፍሉ እንዳይወሰድብን ከፈለግን ቀለሙ እሷ ባለችበት፣ እሷ በምታሳየን መንገድ፣ እንጨቱ ሳይጎዳ መነሣት አለበት አለች።

መጸውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋቅን። ቀለም የሚያለሰልሰው ነጭ ቅባት ዓይን ያስለቅሳል፤ መፋቂያው ቅርፊት እንደሚያኝክ በግ ድምፅ አለው። እነዚህም እነዚያም ጎን ለጎን ተንበርክከው ፋቁ። አንድ ቀን አባቴ በአንዱ ሳንቃ ጠርዝ ላይ በመሮ የተጫሩ መስመሮች አገኘ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ይኼ የአናጺ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኛም ሠርተን ስንፈታው ቦታው እንዳይጠፋን እንዲህ እንጭራለን።» በጣቱ መስመሩን ተከተለው። «እጁ አይቸኩልም ነበር።»

ለሴትዮዋ አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። እሷም አጠገቡ ተንበረከከችና የእጅ ባትሪዋን አበራችለት። ከዚያ በኋላ ብዙም አላስፈለግኳቸውም፤ በጣት እያሳዩ፣ ራስ እየነቀነቁ ይግባባሉ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ከበሩ ጀርባ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ቀርታ ነበር። አባቴ መፋቂያውን ሲያነሣ ሴትዮዋ እጁን ያዘችው። «ይቺ ትቅር። ይህም እዚህ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነው» አለች።

ስለ ውሸቴ አባቴ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቤቱ ለቢሮ ተከራየ፤ ትምህርቱም ተበተነ።

ዛሬ መምህራችን ያንን በር ገፋ አድርጋ አረንጓዴዋን አሳየችን። ቀለሟ ደብዝዟል። «ማን እንደቀባው የተጻፈ ነገር የለም» አለች።

እጄን አወጣሁ። «አባቴ ነው» አልኩ።

ጓደኞቼ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። መምህሯ አልሳቀችም፤ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ሥራው ምንድን ነው?»

ሰዓቱን አየሁ። በዚያ ሰዓት ጋራዥ ውስጥ የጎማ ቦት ጫማውን አጥልቆ ውኃ እየረጨ ነው፤ ጠዋት የመጣሁበትንም አውቶቡስ እሱ አጥቦት ይሆናል። እዚህ አገር ከመጣ አንዲት ወንበር እንኳ አልሠራም።

«አናጺ ነው» አልኳት። ቀና ሳትል ጻፈችው።