መቀርቀሪያ ያለው መታጠቢያ

ወንድሜ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ዕለት እናቴ እንደ ደንቡ የእግር ውሃ ይዛ ብቅ አለች። መንገደኛ ሲገባ መጀመሪያ እግሩ ይታጠባል፤ ምግቡም ወሬውም ከዚያ በኋላ ነው። ቀበሌ "ቆስሏል" ከማለት በቀር የነገረን ነገር አልነበረም። ሁለት ሰዎች ከጭነት መኪና አውርደው፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ መደቡ ላይ ሲያስቀምጡት እሷ ጓዳ ነበረች። ሳፋውን ከፊቱ አድርጋ ተንበረከከችና ብርድ ልብሱን ከሥር ገለጥ አደረገች። እግር የለም። ሁለቱም ከጉልበት በላይ ተቆርጠዋል።

"ተዪው እማዬ፣ ለአባባ አድርጊው" አላት።

እሷም ሳፋውን አንስታ ሄደችና የአባቴን እግር ማጠብ ጀመረች። ምን እንደምትሠራ የምታውቅ አይመስለኝም። አባቴም እግራቸውን ሰጥተው ታጠቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገላውን ማንም እንዲነካው አልፈቅድም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሌላም ሳምንት ሆነ፤ ቤቱ መሽተት ጀመረ። እናቴ "አፈር ስሆንልህ" እያለች ትለምነዋለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በመጨረሻ አባቴ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አሮጌ ማድቤት አድሰው መታጠቢያ ሊያደርጉለት ቆረጡ። በደርግ ጊዜ፣ ያውም በእኛዋ የመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ፣ ሲሚንቶ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ደጅ ጠንተው፣ ተለማምጠው ያገኙት ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ነው፤ ወይ ለገንዳ፣ ወይ ለሻወር ወለል።

ጠቡ እዚህ ላይ ተነሳ። አባቴ ገንዳ አሉ። በድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሰው የሚጋደምበት ገንዳ።

"ሙቅ ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ አጥንቱ ይፍታታል። በመንዝ ብርድ ማን ሻወር ሥር ቆሞ…" ብለው "ቆሞ" የምትለዋ ቃል አፋቸው ላይ ቀረች።

ወንድሜ የሚፈልገውን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። ከላይ በርሜል፣ ከበርሜሉ ቧንቧ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ፣ መሐሉ ላይ አንዲት መቀመጫ ዱካ። በር ይኑረው። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው። በእጁ እየተንፏቀቀ ይገባል፣ ዱካዋ ላይ ራሱ ይወጣል።

እኔ መቼም ምላሴ አያርፍም፣ ዘው ብዬ ገባሁበት።

"ገንዳው ነው የሚሻልህ! ከጓሳ ተራራ በሚወርደው ንፋስ ሳንባህን ልታስመታ ነው? እኔና እማዬ ብድግ አድርገን እናስገባሃለን።"

"እሱን አይደል እንዴ የምሸሸው! እንደ በግ ልትነክሩኝ ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሆስፒታል ሲያገላብጡኝ ከርመዋል። በር ዘግቼ ብቻዬን ከሆንኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ያን ጊዜውኑ ወደ እሱ ወገን ዞርኩና አባቴን ነዘነዝኳቸው። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ልጃቸው ከመጣ ወዲህ ገመዱን ሁሉ ከቤት አውጥተው ጎረቤት አስቀምጠዋል፤ ጢሙን ሲላጭ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁና ምላጩን ተቀብለው ኪሳቸው ይከታሉ። ግቢው ውስጥ ለብቻ ጎተት አድርገው ወሰዱኝ።

"መቀርቀሪያውን ለምን ፈለገው?" አሉኝ።

"ለመታጠብ ነዋ፣ አባባ!"

"ለሌላ ነገር ቢሆንስ?"

ይህን ሲሉኝ እኔም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ቢሆንም "ይሥሩለት" አልኳቸው። ሠሩለት። ግን አንድ ነገር አስማሉት። እሱ ሲታጠብ እሳቸው ከደጅ ይቀመጣሉ፤ ሲጠሩት ይመልሳል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ውሃውን አሙቄ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ። እሱ ገባ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሰማን። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"አለህ?"

"አለሁ!"

ጥቂት ቆየት ብለው ደግሞ፣ "አለህ?"

"አለሁ፣ አባባ! ከሞትኩ እነግርዎታለሁ!"

እናቴ "ወይኔ፣ ምን ዓይነት አፍ ነው!" ብላ ደረቷን መታች፤ እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ሲወጣ በበግ ጠጉር ባና ጠቅልዬ እሳት ዳር አስቀመጥኩት። "ውሃ ላይ ንፉግ ነሽ" አለኝ። ምግብ ጠይቆ በላ። ያን ቀን ቤታችን ለቅሶው የወጣ መሰለኝ፤ እኔማ በደስታ የምይዝ የምጨብጠውን አጣሁ።

ብዙ ቅዳሜዎች እንዲያ አለፉ። ቅዳሜ ሲደርስ ከማለዳው ጀምሮ ዓይኑ የመታጠቢያው በር ላይ ነው፤ ሌላ ቀን ግን መናገሩም እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አባቴ "አለህ?" ሲሉ መልስ ጠፋ።

"አለህ?" ብለው ደገሙ። ውሃው ቆርቆሮውን እየመታ ሲፈስ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም።

"ልጄን!" ብለው በትከሻቸው በሩን መቱት። እናቴ ኡኡታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ሁሉ ግር ብሎ መጣ። መቀርቀሪያው ተነቅሎ በሩ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ወንድሜ ዱካዋ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ በሕይወት። ውሃው አናቱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ድምፁ እንዳይወጣ አፉን በሁለት እጁ አፍኖ ያለቅሳል። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላችን የቆመውን ሰው ሁሉ አየ። ራቁቱን ነው። ምንም ነገር አንስቶ ለመሸፈን እንኳ አልሞከረም።

እኔ በድንጋጤ እሱኑ ተቆጣሁት። "ለምን አትመልስም? ገደልከን እኮ!"

"ዛሬ አለሁ ማለት አቃተኝ" አለ።

እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። አባቴ የተነቀለውን መቀርቀሪያ ከመሬት አንስተው፣ "እሠራዋለሁ፣ ነገውኑ መልሼ እሠራዋለሁ" ይላሉ። ሰው እስኪበተን ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ ነበር።

"ግድ የለም፣ አባባ። ገንዳውን ይሥሩት" አላቸው።

ሲሚንቶውን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ሠሩት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ በብብቱ፣ እናቴ በወገቡ ይዘን እናስገባዋለን። አይከብድም። ክንድህን አንሳ ስንለው ያነሳል፤ ዙር ስንለው ይዞራል፤ ዓይኑን ጨፍኖ እስክንጨርስ ይጠብቃል። እኔ ፊቱን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ሳሙናውን አቀብላለሁ። እናቴ ደስ ብሏታል። ጀርባውን እያሸች፣ "አየህ ልጄ፣ ይሄ አይሻልም?" ትለዋለች።

"ይሻላል፣ እማዬ" ይላታል።